ስለ መንግሥት ቤቶች እድሳትና ስለ ጠጋኞቻቸው

አዲስ ቤት መሥራት ክብር እንዳለው ሁሉም ያውቃል። የመሠረት ድንጋይ በሚጣልበት ቀን ሹማምንቱ ይሰበሰባሉ፤ ንግግር ይደረጋል፤ ቤቱ በሚመረቅበትም ቀን ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የመራቂው ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ከበሩ አጠገብ ይለጠፋል። እንግዶቹ ከተበተኑበት ማግሥት ጀምሮ ግን ዝናሙና ፀሐዩ፥ አቧራውና የሰው እጅ ያንን ቤት ማፍረስ ይጀምራሉ። ይህንንም አፈራረስ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚከለክለው ሰው ስሙ በእብነ በረድ አልተጻፈም። በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ «ሁለገብ የጥገና ሠራተኛ» ተብሎ ይጠራል። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ሰው ነው።

ሁለገብ መባሉ በከንቱ አይደለም። ጧት እንደ ገባ ውኃ ጠፋ ይሉታልና ወደ ሮቶው ይወጣል፤ ተንሳፋፊው ተጣብቆ እንደ ሆነ ያላቅቀዋል። ከዚያ ሲወርድ የሦስተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት መዘጋቱን ይነግሩታል፤ ይህን ሳይጨርስ የአንድ ኀላፊ በር አልከፈት ብሏል ተብሎ ይጠራል፤ ከቀትር በኋላ የተሰነጠቀ መስተዋት ይለውጣል፤ የወለቀ ማጠፊያ ይመታል፤ ከሶኬት ጢስ ወጣ ሲሉት ይሮጣል። አናጢውም፥ ግንበኛውም፥ ቀለም ቀቢውም፥ የቧንቧና የመብራት ሠራተኛውም እርሱ ነው። መሣሪያውም ሁሉ ካቻቪቴው፥ ፒንሳው፥ መዶሻውና መፍቻው በአንድ ከረጢት ይከተታል፤ ከነዚህም አንዳንዱን በገዛ ገንዘቡ የገዛው እንደ ሆነ ብዙ ሰው አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የሠራተኞች ማኅደር በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ሦስት የልብስ ማጠቢያ ሳፋዎች ወለሉ ላይ ተደርድረው ከኮርኒሱ የሚወርደውን ውኃ ይቀበላሉ። አንድ በሥራ ልብስ ያለ ሰው መሰላል ላይ ቆሞ መደርደሪያውን በፕላስቲክ ይሸፍናል። «ወንድሜ፥ ይህ ውኃ ከየት ነው የሚገባው?» ብለን ብንጠይቀው፥ «ከቅጠል ነው፥ ጋሼ» ሲል መለሰልን።

ነገሩን ባስረዳን ጊዜ እውነቱን እንደ ተናገረ አየን። ከግቢው ባሕር ዛፍ የረገፈው ቅጠል አሸንዳውን ደፍኖታል፤ መውረጃው ቱቦም ከመገጣጠሚያው ዝጎ ተበልቷል፤ ስለዚህ ውኃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ወደ ግድግዳው ራስ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ኮርኒሱ ይሰርጋል። «ቅጠሉንስ ጠርጌዋለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ጎሚቶና ጥቂት ሜትር ቱቦ ካልተገኘ ተመልሶ ይሞላል። በመጋቢት ጽፌ አመለከትሁ። ፕሮፎርማ ከሦስት ቤት ይምጣ ተባለ፤ መጣ። በግንቦት ፊርማ ይጠበቃል ተባለ፤ ተፈረመ። በሰኔ በጀት ተዘጋ ተባለ» አለን። ይህን የተናገረው በቍጣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተናገረው ነገር ስለ ሆነ በለመደ ድምፅ ነው።

በዚያው ቀን በዚያው ክፍል አንዲት እናት ቆመው ነበር። ዕድሜያቸው 60 ዓመት ስለ ሞላ ጡረታ ሊወጡ የአገልግሎት ዘመናቸው ይቈጠርላቸው ዘንድ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ይጠባበቃሉ። የማኅደሩ ሹም ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋው ዕርጥቡ ካርቶን ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል፤ የተቀጠሩበት ቀን በእጅ የተጻፈበት ስፍራም ሰማያዊ ደመና ሆኗል። ቀኑን በሌላ ማስረጃ ለማግኘት ወደ ቀድሞው የሥራ ስፍራቸው፥ ወደ ክፍለ ሀገር፥ ተመልሰው እንዲጠይቁ ነገሯቸው። እኚህ ሴት ከቤቱ ጣራ ጋር ምንም ነገር የላቸውም፤ ሆኖም የጎሚቶውን ዋጋ የሚከፍሉት እርሳቸው ሆኑ።

አንባቢ ይህ የአንድ ሰነፍ ሹም ጥፋት ነው እንዳይል እንለምናለን። ነገሩ ከዚያ የጠለቀ ነው። የመንግሥታችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል። የአገራችን ክረምት ደግሞ በሰኔ ይገባል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል። ስለዚህ ጣራው ማፍሰስ በሚጀምርበት ወር ሒሳቡ ይዘጋል፤ አዲሱም ገንዘብ ተደልድሎ እስከሚደርስ ድረስ የዝናሙ ኀይል ያልፋል። መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ይወጣል፤ ኮርኒሱም ይደርቃል፤ የደረቀውንም ቡናማ እድፍ ቀለም ይቀቡታል፤ ጣራው ግን ይረሳል። በሚመጣውም ዓመት እንዲሁ ይሆናል። ዘመን ሲሰላ የዝናሙ ወር ታስቦ እንደ ሆነ እንጃ! ነገር ግን የገንዘቡን ቀን ማዘዋወር ባይቻል እንኳ የእድሳቱን ቀን ማዘዋወር ይቻላል፤ ይኸውም የጣራና የአሸንዳ ሥራ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ እንዲፈጸም ነው።

ሁለተኛውም ችግር የገንዘቡ አከፋፈል ነው። አዲስ ሕንፃ በካፒታል በጀት ይሠራል፤ ጥገና ግን ከነዳጅ፥ ከወረቀትና ከውሎ አበል ጋር በመደበኛው ወጪ ውስጥ ይገባል። ገንዘብም ባጠረ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀነሰው ጥገናው ነው። ነዳጅ ቢቀነስ መኪናው በዚያው ቀን ይቆማልና ሰው ይጮኻል፤ ጥገና ቢቀነስ ግን በዚያው ቀን የሚጮኽ የለም።

አንዳንድ ሰው ትንሽ ነገር ነው ይላልና ትንሹን ነገር እንቍጠረው። የቧንቧ ጎማ አልቆ በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ቢወርድ፥ አራት ጠብታም አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል ብንል፥ በቀንና በሌሊት 86,400 ጠብታ፥ ማለት ከ21 ሊትር በላይ ይፈሳል። ይህም አንድ ሙሉ ጀሪካን ነው። በአንድ ዓመት ወደ 8,000 ሊትር ይጠጋል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያሉ አሥር ቧንቧዎች ቢኖሩ በየቀኑ አሥር ጀሪካን ውኃ በከንቱ ይሄዳል፤ ይህም በከተማችን ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት፥ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ በሚሰለፍበት ጊዜ ነው። የጎማው ዋጋ ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም።

ትልቁንም ብናይ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ይህ ቤት በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ፤ ንድፉን ያወጣው ኢጣልያዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌም የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ በመግቢያው ይታያል፤ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። ለብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ። ለእድሳቱም የተባበሩት መንግሥታት ከ50 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ መድቦለታል። ቤት ምንም ያህል ቢጠበቅ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ታላቅ እድሳት ይሻል፤ ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ለያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚሰጥ አይገኝምና፥ የነዚህ ዕድሜ የተንጠለጠለው በዚያ ከረጢት በያዘው ሰው እጅ ነው።

የአባቶቻችን ልማድ ከዚህ የተሻለ ነበር ብንል ሐሰት አይሆንብንም። በገጠር የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ ሲያረጅ ደብረተኛው ሣሩን አጭዶ፥ ተሸክሞ፥ ክረምት ሳይገባ ይከድናል፤ ፕሮፎርማ የሚጠይቀው የለም። በመጽሐፈ ነገሥትም ስለ ንጉሡ ስለ ኢዮአስ የተነገረውን ያነበበ ሰው ያስታውሳል፤ ካህናቱ የእድሳቱን ገንዘብ እየተቀበሉ እስከ ነገሠ በ23ኛው ዓመት ድረስ የቤቱን ንቃቃት ሳይጠግኑ ቀሩ። ንጉሡም በጠየቃቸው ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተበሳ ሣጥን ከመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ከዚያም የወጣው ገንዘብ በሥራው ላይ በተሾሙት እጅ ለአናጢውና ለግንበኛው ይሰጥ ጀመር። የእኛም ዘመን የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ሣጥን ቢመለከቱት መልካም ነው።

ስለ ጠጋኙ ስንናገር ግን ነውሩን አንሸሽግም። ቫልቮላ በተቃጠለ ቁጥር በስፍራው ተራ የሽቦ ቁራጭ አስሮ መብራቱን የሚመልስ አለ። ኀላፊው በቶሎ በራ ብሎ ያመሰግነዋል፤ ነገር ግን ቫልቮላው የተሠራው ከመጠን ያለፈ ኀይል ሲመጣ እርሱ ቀልጦ ቤቱን እንዲያድን ነው፤ ወፍራም ሽቦ በገባበት ስፍራ የሚቀልጠው በግድግዳው ውስጥ ያለው መሥመር ይሆናል። በ220 ቮልት ላይ እንዲህ ማድረግ እሳት መጋበዝ ነው። እንዲሁም አሮጌውን ቧንቧ ለውጦ የነሐሱን ወደ ገበያ የሚወስድ አይጠፋም። ለነዚህ ተግሣጽ ይገባቸዋል። ሆኖም ያላስተማርነውን ሰው አላወቀም ብለን መውቀስ የሚቻለን እስከ ምን ድረስ ነው? ብዙዎቹ ሙያውን የቀሰሙት ከሽማግሌ ባልደረባቸው በማየት ነው፤ የተማሩበትን ወረቀት የያዘውም በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ያጠናው በአንዱ ብቻ ነው እንጂ በአምስቱ አይደለም።

ስለ ሰውነቱም ደኅንነት ቢሆን የሚያስብለት ጥቂት ነው። ሁለት ፎቅ ከፍታ ባለው ጣራ ላይ መታጠቂያ ገመድ ሳይዝ በእርጥብ ቆርቆሮ ይሄዳል። የድሮ ኢተርኒት ሲሰብር አስቤስቶስ ያለበትን ትቢያ በአፍና በአፍንጫው ይስባል፤ ይህ ትቢያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነቀርሳ እንደሚያመጣ የሕክምና ዐዋቂዎች ካረጋገጡት ዘመን ሆኗል። ክብሩም እንዲሁ ነው፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በእጅ ሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር ዐዋጅ ማስነገራቸውን በትምህርት ቤት ያነበብን ሰዎች፥ ዛሬ ያንኑ ባለ እጅ በመጥሪያ ስሙ ሳይሆን «ቧንቧው» እያልን እንጠራዋለን።

እንግዲህ ለመሥሪያ ቤቶች አለቆች የምናሳስበው ይህ ነው። በየዓመቱ በጥር ወር ጠጋኙ ከሕንፃው ኀላፊ ጋር ሆኖ ጣራውን፥ አሸንዳውን፥ የፍሳሹን ጉድጓድና የመብራቱን ሣጥን ዞሮ ይይ፤ ያየውንም በዝርዝር ይጻፍ፤ አለቃውም ይፈርምበት፤ የሚፈርመው ተቀበልሁ ብሎ ብቻ ሳይሆን እስከ መቼ እንደሚፈጽም ጭምር ይሁን። ለጎማ፥ ለቫልቮላ፥ ለጎሚቶና ይህን ለመሰለው ነገር በየወሩ በደረሰኝ የሚወራረድ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በእጁ ይኑር። የግዥ ሕግ የተሠራው ሌብነትን ለመከልከል ነውና አናቃልለውም፤ ዳሩ ግን ለአንድ ጎማ ሦስት ፕሮፎርማ ሲጠየቅ ለሦስቱ ሱቅ የሚወጣው የታክሲ ዋጋ ጎማውን ይገዛው ነበር። ማኅደር የሚቀመጥበትም ክፍል ከመጨረሻው ፎቅ ኮርኒስ ሥር ባይሆን ይሻላል።

እኚያ እናት እስከ ጥቅምት ድረስ ሲመላለሱ እንደ ነበሩ ሰምተናል። አሸንዳውም በኅዳር ተሠራ። ጠጋኙ ሁለቱን ጎሚቶ የገጠመው በግማሽ ቀን ነው።