ደራሲ ሲረሳ ተመልካች ያስታውሳል

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። በድርሰት ዓለምም ሕጉ ይኸው ነው። ደራሲ በሦስተኛው ክፍል የተናገረውን በአሥራ ሦስተኛው ቢረሳ፣ ተመልካች አይረሳም። እኛም አልረሳንም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ፣ እዚህ ጂንካ ስንቱን ተማሪ እንቅልፍ ስላሳጣው የኮሪያ ተከታታይ ድራማ፣ ስለ «ሙን ላቨርስ፦ ስካርሌት ሃርት ርዮ»፣ ያለንን ቅሬታ በግልጽ ለማስፈር የተነሣነው ለዚህ ነው። አንዳንድ ወዳጆቻችን «ለፍቅር ፊልም ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል? አልቅሳችሁ ተነሡ!» እያሉ ያሾፉብናል። አልቅሰናል፤ አንክድም። ግን እኮ ሽንኩርትም ያስለቅሳል። እንባ የድርሰት ብቃት ማስረጃ ሆኖ አያውቅም።

ላላዩት በአጭሩ እንንገራቸው። ድራማው እ.ኤ.አ. በ2016 በኮሪያው ኤስ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን በ20 ክፍሎች የቀረበ ነው። ጎ ሃጂን የምትባል የዘመናችን ወጣት ውኃ የገባ ሕፃን ለማዳን ስትል ትሰጥማለች፤ በዚያው ሰዓት ፀሐይ ትጋረዳለች፤ ስትነቃ እ.ኤ.አ. በ941፣ በጎርዮ መንግሥት፣ ሄ ሱ በምትባል ልጃገረድ ገላ ውስጥ ራሷን ታገኛለች። በዙሪያዋ የንጉሥ ቴጆ ልጆች አሉ። ስምንተኛው ልዑል ዋንግ ዉክ ደግ፣ የተማረ፣ ለስላሳ ነው። አራተኛው ልዑል ዋንግ ሶ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ የገዛ እናቱ የጠላችው፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ነው። ይህ የተጠላ ልጅ ነው ኋላ ግዋንግጆንግ ተብሎ የሚነግሠው። ልብ በሉ፦ ግዋንግጆንግ የፈጠራ ሰው አይደለም። ከ949 እስከ 975 ጎርዮን የገዛ እውነተኛ ንጉሥ ነው። ነገራችን ሁሉ ወደዚህ ነጥብ ይመለሳል።

በመጀመሪያ የምናመሰግነውን እናመስግን። ሄ ሱ በዝናብ ተንበርክካ ፍርድ ስትለምን፣ ዋንግ ሶ መጥቶ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ካባውን ከራሷ በላይ ዘርግቶ የቆመበት ቦታ ትልቅ ሥራ ነው። ያን ቦታ የጻፈ ሰው መጻፍ ይችላል። ቅሬታችንም ከዚሁ ይጀምራል፦ መቻሉን ካሳየን ሰው ነው አለመትጋትን የማንቀበለው። ካልቻለማ ምን እንለዋለን?

አንደኛው ጉድለት ልጅቱ ራሷ ናት። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ የመጣች ሰው ናት ተባልን። ከዚያ ሁሉ ዘመን ይዛ የመጣችው ግን ሳሙናና የፊት ቀለም ብቻ ሆኖ አረፈው። ይሁን፤ የዋንግ ሶን ጠባሳ በቀለም ሸፍና ከሕዝብ ፊት ያቆመችው በዚሁ ሙያዋ ነውና አንነቅፍም። የታሪክ ዕውቀቷስ? ግዋንግጆንግ ወንድሞቹን የሚያጠፋ ንጉሥ እንደሚሆን ታውቃለች። ይህ ዕውቀት ግን ደራሲው ሲፈልገው ይመጣል፣ ሳይፈልገው ይጠፋል፤ እንደ ሰፈራችን መብራት። እየቆየም የወደፊት ዘመን ሰው መሆኗ ራሱ ተረስቶ ተራ የቤተ መንግሥት ልጃገረድ ትሆናለች። ኧረ ለመሆኑ፣ ካልተጠቀመባት አንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ለምን አመላለሳት?

ሁለተኛው ዋንግ ዉክ ነው። ሰው አይለወጥም አንልም፤ ይለወጣል። ደግ የነበረ በሥልጣን ሲከፋ ያላየ ሰው የለም። ግን መለወጥ መንገድ አለው። ሄ ሱን ይወዳታል ያልነው ሰው፣ በዝናብ ተንበርክካ እያየ ጥሏት ሄደ፤ ከዚያም በጥቂት ክፍል ውስጥ ለዙፋን የሚያሴር ሰው ሆነ። ለቤተሰቡ መፍራቱን ሰማን፤ ፍርሃቱ ወደ ስስት፣ ስስቱ ወደ ጭካኔ ሲሸጋገር ግን አላየንም። የጊዜውም ነገር እንዲሁ ነው። «ከአንድ ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ከሥር ብልጭ ይላል፤ በአንዲት መስመር ነገሥታት ይሞታሉ፣ ይሾማሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን አንዲት መጨማደድ አትታይም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የከፋው፣ መጨረሻው ነው። ሄ ሱ ከቤተ መንግሥት የወጣችበት ምክንያት በቂና እውነተኛ ነበር። አገልጋይዋ ቼ ርዮንግ በንጉሡ ትእዛዝ ተደብድባ ሞታለች፤ የወደደችው ሰው ቀስ በቀስ የፈራችውን ንጉሥ ሆኗል። ሰውየውን እየወደዱ ዙፋኑን መጥላት! ከዚህ የበለጠ ምን መለያያ ይፈለጋል? ደራሲው ግን ይህን በእጁ ይዞ ሳለ ወደ ፖስታ ሄደ። ሄ ሱ በሞት አፋፍ ሆና ለንጉሡ ደብዳቤ ትጽፋለች። አሥራ አራተኛው ልዑል ለደብዳቤው ሌላ መሸፈኛ አድርጎ በራሱ ጽሕፈት ይልከዋል። ንጉሡም የወንድሙ ደብዳቤ መስሎት ሳይከፍተው ያስቀምጠዋል። በቃ፤ እሷም ትሞታለች። ሃያ ክፍል የተገነባ ፍቅር በፖስታ መሳሳት ፈረሰ ማለት ነው። አሳዛኝ ታሪክ የሚባለው ከሰዎቹ ጠባይና ከዘመናቸው ሥርዓት ሲወለድ ነው። ከፖስታ የተወለደ አደጋ እንጂ አሳዛኝ ታሪክ አይባልም።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ከስንፍና ብቻ አይደለም። የታሪኩ መሠረት ቶንግ ሁዋ የተባለችው ቻይናዊት ደራሲ የጻፈችው ልብ ወለድ ነው። ቻይኖች እ.ኤ.አ. በ2011 በ35 ክፍሎች ሠርተውታል። እዚያ ታሪኩ የሚካሄደው በቺንግ ሥርወ መንግሥት፣ በንጉሥ ካንግሺ ልጆች የዙፋን ሽኩቻ መካከል ነው፤ አራተኛው ልጅ በ1722 ዮንግዠንግ ተብሎ ነገሠ። አራተኛውና ስምንተኛው ልዑል ለምን እንደሚቃረኑ ያ ዘመን ራሱ ምክንያት ይሰጣል። ኮሪያዎቹ ይህን ሽኩቻ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስደው በጎርዮ ላይ ጫኑት፤ 35ቱንም ወደ 20 አጠፉት። ለሌላ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ማለት ይሄ ነው፦ ትከሻው ይሰፋል፣ እጅጌው ያጥራል። ደራሲው ልብሱን እንደገና መስፋት ሲገባው ሰውየውን አጎበጠው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እውነተኛው ግዋንግጆንግ ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ956 ባሪያዎች ሁሉ እየተመረመሩ፣ በጦርነትና በግፍ ለባርነት የተዳረጉት ነፃ እንዲወጡ ሕግ አወጣ። ባላባቶቹ ጉልበታቸው ተነካና ተቆጡ። በ958 ደግሞ ሹመት በፈተና እንዲሆን አደረገ። የጎርዮ ታሪክ እንደሚለው ንግሥቲቱ ራሷ ያን የባሪያዎች ሕግ እንዲተወው ለምናው ነበር፤ ንጉሡ ግን አልሰማትም። ከሞተ በኋላም በሌላ ንጉሥ ዘመን ነፃ የወጡ ሰዎች ወደ ባርነት የሚመለሱበት መንገድ ተከፈተ። እስቲ ፍረዱን! በአንድ ቤት፣ በባልና በሚስት መካከል፣ የብዙ ሺህ ሰው ነፃነት መከራከሪያ ሆኖ ሲቀርብ፣ ከዚህ የበለጠ ድራማ ከየት ይመጣል? ድራማው ግን የ26 ዓመቱን ንግሥና ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ክፍሎች ትቶ፣ የንጉሡን ሥራ ከፍቅሩ ጀርባ እንደ መጋረጃ ሰቀለው።

«የኮሪያ ባሪያ ለደቡብ ኦሞ ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። መልስ አለን። አንደኛ፣ ኮሪያ ባዕዳችን አይደለችም። በ1943 ዓ.ም. የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደር ደሙን ያፈሰሰበት መሬት ነው፤ ታሪኳን በቁም ነገር ብንጠይቅ ነውር የለብንም። ሁለተኛ፣ የተቀመጥነው የት ነው? ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአሪ ገበሬ ገባር ሆኖ በገዛ መሬቱ ለሌላ ያረሰበት፣ ሰው እንደ ከብት ተነድቶ የተሸጠበት አገር ላይ ነው። በ1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነትን የሻረው አዋጅ ተነገረ። በአዋጅና በሰው ኑሮ መካከል ግን ስንት ዓመት እንዳለ የዚህ አገር ሽማግሌዎች ያውቁታል። እንዲህ ባለ አገር የተቀመጠ ተማሪ፣ ባሪያን ነፃ ያወጣ ንጉሥ ታሪክ ወደ ፖስታ ጨዋታ ሲወርድ ዝም ብሎ ማየት አለበት? አይገባውም!

«ፍቅርና የማኅበረሰብ ጉዳይ አብረው አይሄዱም» የሚለውንም ክርክር አንቀበልም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አብረው ሄደዋል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል የተለያዩት በፖስታ ስህተት አይደለም። የባላባት ዘር ትምክህት፣ የፊታውራሪ መሸሻ ክብርና የገባሩ ሥርዓት ነው የለያቸው። ሥርዓቱን ከመጽሐፉ ብታወጡት ፍቅሩም አብሮ ይፈርሳል። የጽኑ ድርሰት ምልክቱ ይኸው ነው፦ አንዱን ድንጋይ ስትነቅለው ሌላው ይናጋል። ከ«ሙን ላቨርስ» ግን ፀሐይ መጋረዷን፣ ሺህ ዓመቱን፣ ሕጉን፣ ንግሥናውን ሁሉ ብናወጣ፣ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎችና አንድ ፖስታ ይተርፉናል።

ይህን የምንለው ኮሪያዎችን ለማስተማር አይደለም፤ የእኛን ጩኸት አይሰሙም። የምንለው ለራሳችን ነው። ከመካከላችን የሚጽፉ አሉ፤ ልብ ወለድ የጀመሩ፣ ተውኔት በደብተር የቋጠሩ አሉ። አንዳንዱም በእነዚሁ ድራማዎች ተመስጦ ስለ ኦሞ የፍቅር ታሪክ ልጽፍ ነው ይላል። ይጻፍ! ግን እንጠይቀዋለን። የሐመር ጎረምሳ ከብት የሚዘልበትን ሥርዓት ለጌጥ ብቻ በመጀመሪያው ምዕራፍ አስገብቶ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ ያ ጎረምሳ ምንም እንዳልሆነለት ልጅ ቢያደርገው አንምረውም፤ ከብት የዘለለ ሰው ለጋብቻ የበቃ ሰው ነውና ታሪኩ ከዚያ በኋላ መለወጥ አለበት። የሙርሲ ሴት የከንፈር ሸክላ ለፎቶ የሚያምር ዕቃ ብቻ ሆኖ ቢቀርብ አንምረውም። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ መሆኑን ዘንግቶ ባለታሪኮቹን ማክሰኞ ገበያ ቢያገናኛቸው፣ እኛ ዝም ብንል ገበያተኛው ይስቅበታል።

የውጭ ሰው ካሜራ ይዞ መጥቶ ደቡብ ኦሞን የፍላጎቱ መጋረጃ ሲያደርጋት «ታሪካችንን አቃለለው» እያልን እንቆጣለን። ቁጣችን ትክክል ነው። ያው ጥፋት በጎርዮ ባሪያዎች ላይ ሲሠራ ግን «ፍቅር ነው፣ ምን አለበት» ብለን ካለፍን፣ ቁጣችን ስለ እውነት ሳይሆን ስለ ራሳችን ብቻ ነበር ማለት ነው። እውነተኛ ሰዎችን ያነሣ ደራሲ ዕዳ አለበት። የተናገረውን ያስታውስ፤ የለወጠውን ምክንያት ይስጥበት፤ ስማቸውን የተበደራቸውን ሰዎች ሥራ ከፍቅር በታች አይጣል። ይህን የማይችል ደራሲ ንጉሥም፣ ባሪያም፣ ታሪክም አይንካ፤ ስለ ፖስታ ይጻፍ።