35 በ1፦ የፈረንሳይ ብስክሌት አወዳደቅ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ የፈረንሳይ ብስክሌት እጁ የገባ ሰው የፔዳሉ ዘንግ ሲንገጫገጭ ቢሰማ፣ አዲስ ኩሽኔታ ገዝቶ ለመቀየር ገበያ ይወጣል። የሚያገኘው ግን የእንግሊዙን ልክ ነው፤ ስፋቱ 1.37 ኢንች፣ የብሎን ጥርሱ በአንድ ኢንች 24። የፈረንሳዩ ስፋት 35 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀትም ልክ 1 ሚሊ ሜትር ነው። የእንግሊዙ ሲመነዘር 34.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሁለቱን በዓይን መለየት ዘበት ነው። ያላወቀ ሰው በግራ በኩል ሲሞክረው ጥቂት ዙር ይገባለታል፣ ከዚያ ይነክሳል። ጉልበት ከጨመረበት የፍሬሙን ጥርስ በልቶት ያርፋል።

ኩሽኔታውን በፍሬሙ ውስጥ የሚይዘው የቀኙ ኩባያ ጣጣው ይብሳል። በእንግሊዙ ፍሬም ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ሆኖ ሲሠራ፣ በፈረንሳዩ ግን ሁለቱም ወገን እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ልዩነቱ እንዲሁ የፋብሪካ ልማድ አይደለም። ዘንጉ ሲዞር አቅጣጫው የሚለዋወጠው ጫና ኩባያውን ከዘንጉ በተቃራኒ አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ ይገፋዋል። በቀኝ በኩል ይህ ግፊት ወደ ግራ ነው። ስለዚህ የእንግሊዙን እያጠበቀ፣ የፈረንሳዩን እያላላ ይሄዳል። መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ በኃይል ማጥበቅ ብቻ ነበር፤ ለዚህም ነው ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈታው ሰው የሚማረረው። መፍቻ የሚይዝበት ጠርዝ ስስ ስለሆነ እየሸሸ ያስቸግራል፤ መፍቻውን በረጅም ብሎን፣ በራንዴላና በዳዶ ከኩባያው ጋር ጠፍንጎ ማሰር ይሻላል። በእንግሊዙ ልማድ ወደ ቀኝ የሚያዞር ሰው ደግሞ እፈታለሁ ብሎ ያጠብቃል።

ብዙዎች የፈረንሳይን ብስክሌት የገደለው ይህ የተለየ ልክ ነው ይላሉ። እኔ በግማሽ ብቻ እስማማለሁ። ልኩ በአገሩ ሳለ ከቀኙ መላላት በቀር ምንም አልጎደለውም። በሴንት ኤቲየን ከተማ ማኑፍራንስ፣ መርሲዬና ስትሮንግላይት ነበሩ፤ ማርሹን ሲምፕሌክስ ከዲዦን ያመጣል። የፔዳሉ ብሎን ስፋት 14 ሚሊ ሜትር፣ መሪውን የሚይዘው ግንድ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌላው ዓለም 22.2 ይጠቀማል። ሁሉም እርስ በርሱ ስለሚገጥም የመንደር ጠጋኝ ሳይቀር መለዋወጫው በመሳቢያው ውስጥ አለው። ፋብሪካዎቹ በመጠባበቅ መታሰራቸውም እዚህ ላይ ነው፤ ፍሬም ሠሪው ኩባያ ሠሪው ሳይለውጥ፣ ኩባያ ሠሪውም ፍሬም ሠሪው ሳይለውጥ ብቻውን የትም አይሄድም።

ነገሩ የተበላሸው ደንበኛው ባሕር ማዶ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካውያን በብስክሌት አበዱ፤ የፈረንሳዮቹ ፔዦ፣ ሞቶቤካንና ዢታን በገፍ ተሸጡ። ከዚያ ጥገና መጣ። የአሜሪካ ባለ ሱቅ ለአንድ አገር ብስክሌት ብቻ ሲል የተለየ ኩባያ፣ የተለየ ፔዳል፣ የተለየ የመሪ ግንድ መደርደር ነበረበት። የሲምፕሌክስ የፕላስቲክ ማርሽ ሲሰነጠቅ ደግሞ ትዕግሥቱ አለቀ። በዚያው መደርደሪያ ላይ የጃፓኑ ሰንቱር ርካሽና የተሻለ ማርሽ አስቀምጦ ነበር። ጃፓን እንደ ፈረንሳይ የሜትር አገር ናት፤ ለፍሬሞቿ ግን ያለ አንዳች ኩራት የኢንቹን ልክ ወሰደች። የምትሸጠው ለማን እንደሆነ ታውቃለች።

ፈረንሳዮቹ ምን አደረጉ? ሞቶቤካን በ1970ዎቹ፣ ፔዦም ተከትሎ፣ የስዊስን ልክ ያዙ። የስዊሱ ያው 35 በ1 ሆኖ ቀኙ ብቻ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው። ለፋብሪካው ርካሽ ለውጥ ነበር፤ የግራውን ማሽን ሳይነኩ የቀኙን መቀየር ብቻ። መላላቱም ቀረ። የመሐንዲሱን ጥያቄ አሳምረው መለሱ፤ የባለ ሱቁን ጥያቄ ግን ጭራሽ አባሱት፤ በሁለት ልክ የተማረረው ሰው ሦስተኛ መጣበት። የውድቀቱን ምክንያት ከዚህ በተሻለ የሚያሳየኝ ነገር የለም። ወደ እንግሊዙ ልክ የተሻገሩት በ1980ዎቹ ነው፤ ያኔ ገበያው ተወስዷል።

የደመወዝን ውድነት፣ መኪናና ሞተር ሳይክል ያመጡትን ለውጥ የሚጠቅስ ሰው አይሳሳትም። የፈጠራ ድርቅ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ዘንግና ክንድን ያለ ሽብልቅ በአራት ማዕዘን የሚያጋጥመውን ዘዴ በ1933 ያወጣው ስትሮንግላይት ነው። በርናር ኢኖ በ1985 ቱር ደ ፍራንስን ለአምስተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ጫማውን የያዘለት የፈረንሳዩ ሉክ የሠራው አዲስ ፔዳል ነበር። በዚያው ዓመት ማኑፍራንስ ተዘጋ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ፍሬም ያለው ሰው ኩባያዎቹን አጥቦ በብርሃን ይያቸው፤ ኳሶቹ የሚሮጡበት መስመር ካልተቦረቦረ አዲስ ኳስና ግሪስ ይበቃዋል። ከተቦረቦረ ፊል ውድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፈረንሳይ ልክ ኩባያ ይሠራል፤ ጥርሱን ትቶ ከውስጥ እየሰፋ የሚይዝም አለ። ወደ ጣሊያኑ 36 ሚሊ ሜትር ማስፋት ለተበላ ጥርስ ብቻ ይቆይ፤ አንዴ የተላጨ ብረት አይመለስም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በግፊት የሚገቡ ኩሽኔታዎች ሲጥ ሲጥ እያሉ ያማረሯቸው ፍሬም ሠሪዎች ቲ47 ወደሚባል ልክ ዞረዋል፤ 47 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ሚሊ ሜትር ጥርስ፣ ቀኙ ወደ ግራ የሚጠብቅ። ስፋቱን ትተን ብናየው የስዊሱ ልክ ራሱ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ኩባያ ሠሪዎቹ ከፍሬም ሠሪዎቹ ጋር አብረው ገቡበት።