ተረት ለወረት ሲገዛ

ወረት ማለት ምን እንደ ሆነ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ ያለ እርሱ አንኖርም የተባለለት ነገር ነገ በጓዳ ጥግ ተጥሎ አቧራ ሲለብስ ያላየ የለም። በትልልቆች ዘንድ ወረት በልብስም፥ በወዳጅም፥ በሹመትም ይታያል፤ በሕፃናት ዘንድ ግን ከሁሉ ይልቅ በመጫወቻ ላይ ይበረታል። ሕፃን መጫወቻውን ቢሰለች ነውር የለበትም፤ የዕድሜው ጠባይ ነውና። ነውሩ፥ ይኸንን የሕፃን ወረት አይቶ፥ ሳይበርድ ልድረስበት ብሎ፥ ተረትን የሚያህል ክቡር ነገር ለእርሱ አሽከር በሚያደርገው በትልቁ ሰው ላይ ነው። የዛሬው ክርክራችንም የመጫወቻን ወረት እየተከተለ ፊልም ከሚሠራው ከዚህ ሰው ጋራ ነው።

ነገሩ በይበልጥ የታየው በአሜሪካ አገር ስለ ሆነ ምስክሮቻችንን ከዚያው እንጠራለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በ1969 ዓ. ም. «ሆት ዊልስ» በሚባሉት ትንንሽ የመኪና መጫወቻዎች ስም የተሠራ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። አንድ ሌላ መጫወቻ ሠሪ ኩባንያ፥ ይኸ ማስታወቂያ ነው እንጂ ትርኢት አይደለም ብሎ አቤት አለ። የመገናኛ ተቈጣጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም አቤቱታውን ሰምቶ፥ ጣቢያዎቹ ከትርኢቱ ከፊሉን በማስታወቂያ ጊዜ አድርገው እንዲመዘግቡት አሳሰበ። ነጋዴው ከዚያ ወዲያ ጥቂት ፈርቶ ኖረ። በ1984 ዓ. ም. ግን ያው መሥሪያ ቤት፥ ገበያው ራሱን ይዳኝ ብሎ አጥሩን አፈረሰው። አጥር ሲፈርስ ከብቱ ሁሉ ወደ አዝመራው እንደሚገባ፥ የመጫወቻ ነጋዴዎችም ወደ ተረት እርሻ ገቡ። በ1990 ዓ. ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አውጥቶ፥ በሕፃናት ትርኢት መካከል የሚገባው ማስታወቂያ ቅዳሜና እሑድ በሰዓት ከ10 ደቂቃ ተኩል፥ በሌሎቹ ቀኖች ከ12 ደቂቃ እንዳይበልጥ ወሰነ። ነገር ግን ደቂቃ የሚቈጥር ሕግ፥ ተረቱ ራሱ ማስታወቂያ የሆነ እንደ ሆነ ምኑን ይቈጥራል? ይኸውም ሕግ ቢሆን ለቴሌቪዥን ነው እንጂ ለሲኒማ ቤት አይደለም።

አጥሩ በፈረሰበት በዚያው በ1984 ዓ. ም. «ሀዝብሮ» የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ ከመኪና ወደ ሰው መሰል ቅርጽ የሚለዋወጡ መጫወቻዎችን ከጃፓን ኩባንያ ከ«ታካራ» ወስዶ «ትራንስፎርመርስ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። መጫወቻዎቹ ይሸጡ ዘንድ ታሪክ ተጻፈላቸው፤ የደጎቹ ወገን አለቃም «ኦፕቲመስ ፕራይም» ተባለ። ሕፃናቱም መጫወቻ መሆኑን ረስተው እንደ አባት ወደዱት። በ1986 ዓ. ም. ፊልሙ በሲኒማ ቤት በታየ ጊዜ፥ ታሪኩ ገና ሳይጋመስ ያ አለቃ በዓይናቸው ፊት ሞተ። ሕፃናቱ አለቀሱ፤ ወላጆችም ተቈጡ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ይመርምር። በተረት ጀግና መሞቱ አዲስ ነገር አይደለም። ጀግና ስለ ወገኑ ይሞታል፤ በወዳጁ ክህደት ይሞታል፤ በገዛ ትዕቢቱም ይሞታል። ይህኛው ግን በምን ምክንያት ሞተ? የ1984ቱ መጫወቻ ከመደርደሪያ የሚወርድበት፥ የ1986ቱ አዲስ መጫወቻ የሚወጣበት ጊዜ ስለ ደረሰ ነው። ይኸንንም የምንለው በሐሜት አይደለም። በፊልሙ ታሪክ ሥራ የነበረበት ፍሊንት ዲል፥ አሮጌውን ሸቀጥ አንሥተን በአዲሱ የምንተካ ብቻ መስሎን ነበር፤ ሕፃናቱ ይኸን ያህል እንደሚወዱት አላወቅንም ሲል ኋላ በግልጽ ተናግሮአል። እንግዲህ የሞቱን ፍርድ የጻፈው ደራሲው አይደለም፤ የመጋዘኑ መዝገብ ነው።

የኋላውም ከፊተኛው የባሰ ነው። በ1987 ዓ. ም. በወጣው በ«ጂ አይ ጆ» ፊልም ደግሞ «ዱክ» የተባለው አለቃ እንዲሞት ታስቦ ነበር። ነገር ግን የወላጆቹ ቍጣ ስላስፈራ፥ ሥዕሉ ሲወድቅ እያሳየ ንግግሩ ብቻ ተለውጦ፥ ራሱን ሳተ እንጂ አልሞተም ተባለ። ኦፕቲመስ ፕራይምም በዚያው ዓመት በቴሌቪዥኑ ትርኢት ሕያው ሆኖ ተመለሰ። ለገበያ ሞቶ ነበር፤ ለገበያ ተነሣ። ሕፃኑ ያፈሰሰውን እንባ ግን የመለሰለት የለም፤ ኀዘንም እንደ ዕቃ የሚወጣና የሚመለስ ነገር መሆኑን በልቡ ተማረ።

ሕፃንን ማስለቀስ ኀጢአት ነው የምንል አይምሰላችሁ። በ1942 ዓ. ም. በወጣው በ«ባምቢ» ፊልም የሚዳቋው ግልገል እናት በአዳኝ ጥይት ትሞታለች፤ ስንት ትውልድም ስለ እርስዋ አልቅሶአል። ዳሩ ግን ያን ሞት ያዘዘው ታሪኩ ነው፤ ግልገሉ ያለ እናት መቆምን ይማር ዘንድ ነውና። ልዩነቱ ይኸ ነው፤ በአንደኛው ሞት ሕፃኑ ዓለምን አወቀ፤ በሁለተኛው ሞት ሕፃኑ ተሸጠ።

የቅኔ ተማሪ ገና ሲጀምር የሚማረው ነገር አለ። ሰም የሚበጀው ለወርቅ ማውጫ ነው፤ ሰሙ ይቀልጣል፥ ወርቁ ይቀራል። በእነዚህ ፊልሞችም ሰምና ወርቅ አለ፤ ሰሙ ተረቱ ነው፤ ወርቁ ግን በነጋዴው ሣጥን የሚቈለፈው ወርቅ ራሱ ነው። ተረቱ ቀልጦ በፈሰሰ ጊዜ ለሕፃኑ ምን ይቀርለታል? ዓመት ሳይሞላው የሚሰለቸው ፕላስቲክ ብቻ ነው። ትልቅ ሰው በሰሙ ቢታለል የራሱ ጥፋት ነው። ሕፃን ግን ወርቁን የሚፈልግበት ዓይን ገና አልተከፈተለትም። በ2004 ዓ. ም. የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበር ያቆመው የመርማሪዎች ጓድ፥ 8 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማስታወቂያ እርሱን ለማግባባት የሚነገር ቃል መሆኑን እንደማያስተውል ገልጾአል። ማስታወቂያ ተብሎ የቀረበለትን የማይለይ ሕፃን፥ ተረት ተብሎ የቀረበለትን ማስታወቂያ እንዴት አድርጎ ይለየው?

ነጋዴውስ በገዛ ሚዛኑ ቢመዘን ይቀናዋልን? ብዙ ጊዜ አይቀናውም። ፊልም ተጽፎ፥ ተሠርቶ፥ ለሰው እስኪታይ ድረስ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ወረት ግን ይኸን ያህል አይጠብቅም። «ማቴል» የተባለው ኩባንያ በ1982 ዓ. ም. «ማስተርስ ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ» የሚባሉትን የጀግና አሻንጉሊቶች አወጣ፤ ልጆችም ተሻሙባቸው። ፊልማቸው በ1987 ዓ. ም. ሲደርስ ግን ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነበር። 22 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወጣበት ፊልም በአሜሪካ ያገባው 17 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው።

ከዚህም የሚያስቅ አለ። በ1983 ዓ. ም. «ካቤጅ ፓች» ለሚባሉ አሻንጉሊቶች ሲሉ የአሜሪካ ወላጆች በሱቅ ውስጥ እስከ መጋፋትና እስከ መደባደብ ደረሱ። በ1985 ዓ. ም. በእነዚያ አሻንጉሊቶች የሚያላግጡ፥ አስቀያሚ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ወጡ፤ ልጆችም ካርዶቹን መሰብሰብ ያዙ። በ1987 ዓ. ም. ደግሞ ለካርዶቹ ፊልም ተሠራላቸው። እንግዲህ ይኸ በወረት ላይ ለሚያላግጥ ሌላ ወረት የተሠራ ፊልም ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ከክፉ ፊልሞች ጋራ ይቈጠራል። በማግሥቱ በ1988 ዓ. ም. አሻንጉሊቶቹን ይሠራ የነበረው «ኮሌኮ» ራሱ ከሰረ።

የሚከራከሩን ሰዎች፥ «ባርቢ»ንስ ምን ትላላችሁ ይሉናል። እውነት ነው፤ በ2023 ዓ. ም. ግሬታ ገርዊግ ያዘጋጀችው የ«ባርቢ» ፊልም ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግብቶአል፤ ብዙዎች አስተዋዮችም አመስግነውታል። ነገር ግን ያች አሻንጉሊት የወጣችው በ1959 ዓ. ም. ነው። ፊልሙ እስኪሠራ ድረስ በ64 ዓመት ውስጥ አያት፥ እናትና ልጅ ተቀባብለዋታል፤ የወደዳት ወድዶ፥ የጠላት ጠልቶ ተከራክሮባታል። ፊልሙም ያን ክርክር አንሥቶ፥ የኩባንያውን አለቆች ሳይቀር አሾፈባቸው። የወረት መጫወቻ ግን አያት የለው፥ ክርክር የለው፤ ከትናንት በስቲያ ተወልዶ ከነገ ወዲያ የሚሞት ነገር ምን ታሪክ ይነገርለታል?

እንዲሁም በ1995 ዓ. ም. የወጣውን «ቶይ ስቶሪ»ን ይጠቅሱልናል። እኛም በደስታ እንቀበላቸዋለን፤ ለእኛ የሚመሰክር ነውና። የዚያ ፊልም ሁለቱ ዋና አሻንጉሊቶች፥ ዉዲና ባዝ፥ ከታሪኩ ተወልደው ኋላ ወደ ገበያ ወጡ እንጂ ከገበያ ወደ ታሪክ አልገቡም። ታሪኩም የሚናገረው ስለ ወረት ነው። አዲስ መጫወቻ በመጣ ጊዜ አሮጌው ከልጁ ልብ የሚወጣበትን ፍርሃትና ቅናት ያሳያል። በ1986ቱ ፊልም ወረት በተረት ላይ ፈረደ፤ በዚህኛው ግን ተረት በወረት ላይ ፈረደ።

ሌሎች ደግሞ፥ ባለ ሙያ እንጀራ መብላት የለበትምን ይላሉ። ይገባዋል እንጂ! በእኛም አገር ተረት ነጋሪው ተረቱን ሲጨርስ አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቅ ነበር። ነገር ግን የጠየቀው ተረቱን ከጨረሰ በኋላ፥ በግልጽ፥ ለደከመበት ብቻ ነው። ዳቦ ለመሸጥ ብሎ የዳቦ ተረት የፈጠረ፥ ዳቦውም ሲሻግት የተረቱን ጀግና የገደለ ነጋሪ አልነበረንም።

ይኸ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው የሚል ቢኖር አሁን በዘመናችን የሆነውን ይመልከት። «ላቡቡ» የሚባለው ጥርሳም ፍጡር በ2015 ዓ. ም. በሆንግ ኮንግ ተወላጅ ሠዓሊ በካሲንግ ለንግ የሥዕል መጽሐፍ ተወለደ። ከ2019 ዓ. ም. ጀምሮ «ፖፕ ማርት» የተባለው የቻይና ኩባንያ፥ ገዢው በውስጡ የትኛው እንዳለ በማያውቀው በተዘጋ ሣጥን ይሸጠው ጀመር። በ2024 እና በ2025 ዓ. ም. ወረቱ ዓለምን ሞላ፤ በየሱቁም ደጅ ሰልፍ ቆመ። ሰዉ የተሰለፈው ስለ መጽሐፉ አይደለም፥ ስለ ሣጥኑ ነው እንጂ። በ2025 ዓ. ም. መጨረሻም «ሶኒ ፒክቸርስ» ፊልም ሊያደርገው መብቱን እንደ ያዘ ተነገረ። እንግዲህ ሠሪዎቹ የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ወደ መጽሐፉ ትመለሳላችሁን ወይስ ወደ ሣጥኑ ትገባላችሁ? ወደ መጽሐፉ ከተመለሱ ተረት ሊወጣው ይችላል። ወደ ሣጥኑ ከገቡ ግን፥ ፊልሙ ሲደርስ ሰልፉ ተበትኖ ያገኙታል።

እኛ ፊልም ይቅር አላልንም፤ መጫወቻም ይቅር አላልንም። የምንለው አንድ ነው። ፊልም ሊሠራለት የሚገባው መጫወቻ፥ የመጀመሪያው ባለቤቱ አድጎ ለልጁ ያቈየው ነው። ይኸን ፈተና ያላለፈውን ነጋዴው በሱቁ ይሽጠው፤ ተረት አያልብሰው። ወላጆችም ልጃቸውን ወደ ሲኒማ ቤት ከመውሰዳቸው በፊት፥ ይኸ መጫወቻ ነገ ከገበያ ቢጠፋ ይኸ ታሪክ ቆሞ ይሄዳልን ብለው ይጠይቁ። ቆሞ የሚሄድ ከሆነ ገንዘባቸውን ይክፈሉ፤ ከልጃቸውም ጋራ አብረው ይሳቁ፥ አብረው ያልቅሱ። ቆሞ የማይሄድ ከሆነ ግን ያን ምሽት በቤታቸው ተቀምጠው፥ የሚያውቁትን አንድ ተረት ራሳቸው ይንገሩት። የሕፃን እንባ ዋጋው ብዙ ነውና፥ የመደርደሪያ መጥረጊያ አይሁን።