ነጻነት በጥቅስ አይመጣም

በ1960ዎቹ የኛ ተማሪ ሌኒንን ካልጠቀሰ የተናገረ አይመስለውም ነበር። ዘመኑ ተለወጠ፤ ልማዱ ግን ያው ነው። የዛሬው ወጣት ምሁር ሃይክን፣ ፍሪድማንን፣ ሮበርት ኖዚክን እየጠቀሰ መንግሥት ከሌሊት ዘበኛነት ማለፍ የለበትም ይለናል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት የሆነው ሃቪየር ሚሌ በቅስቀሳው ወቅት ያነሳው የሞተር መጋዝም አርማው ሆኗል። ሙግቴ ከነዚህ ዝነኞች ይልቅ ዝናቸውን እንደ ማስረጃ ከሚቆጥሩት ጋር ነው።

እስቲ ክርክሩን ከቡና ቤት አውጥተን ምዕራብ ሐረርጌ፣ አሰቦት እናድርሰው። አሰቦት በድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ ላይ ከነበሩት ጣቢያዎች አንዷ ናት። ለነጻ ገበያ ሰባኪ ያ ሐዲድ ጥሩ ምስክር ይመስላል፤ አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ሥራውንም የግል ኩባንያ ጀመረው። ግን ገንዘብ አጠረው። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500 ሺህ ፍራንክ ሊደጉመው ተዋዋለ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ባቡሩን ወደ አሰቦት ያመጣው የነጋዴው ድፍረት ነው ወይስ የመንግሥት ካዝና? ሁለቱም ናቸው፤ አንዱን ሰርዞ ታሪክ መጻፍ አይቻልም።

ይህን ስል ለሌላው ወገን የምሰግድ አይምሰላችሁ። አቶ መለስ ዜናዊ ያንኑ የዘበኛ መንግሥት ሐሳብ ነቅፈው ልማታዊ መንግሥትን አስተማሩን። መሬት በየካቲት 1967ቱ አዋጅ የሕዝብ ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው የከዳው ገበሬ መሬቱን ለገበያ ቢያወጣ ማን፣ በስንት ይገዛው ነበር? ጥቅሰኞቻችን ይህን ጥያቄ ይሸሹታል።

የመንግሥት ጠበቆች ደግሞ ሌላውን ይሸሻሉ። አትሽጥ ያለው መንግሥት ራሱ ለሕዝብ ጥቅም ሲል ያስለቅቃል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳውን አስተዳደሩ ያቋቋመው ኮሚቴ ሊተምነው ይችል ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቢተካውም የማስለቀቅ ሥልጣኑ እንዳለ ነው። እረኛው ከጅብ የጠበቃትን በግ ራሱ ካረዳት፣ ለበጊቱ ልዩነቱ ምንድን ነው? ደግሞስ የጨርጨርን ደጋ ጫት ያለበሰው የመንግሥት መመሪያ ነው? ገበሬው ገበያውን አይቶ፣ ማሳውን ለክቶ፣ ራሱ የወሰነው አይደለምን?

ከዝነኞቹ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ አንባቢ የሚቀርበው ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ ነው። ይህ የፔሩ ደራሲ በ1982 ዓ.ም. ገበያውን ነጻ አወጣለሁ ብሎ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ በአልቤርቶ ፉጂሞሪ ተሸነፈ። ፉጂሞሪ ግን ወንበሩ ላይ ሲወጣ የተቀናቃኙን የኢኮኖሚ መድኃኒት ራሱ አዘዘው፤ በመጋቢት 1984 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱን በተነ። ገበያው ተፈታ፤ ሕጉ ታሰረ። ቫርጋስ ዮሳ ይህን ጮኾ መቃወሙ ያስመሰግነዋል። የኛ ጥቅሰኞች ግን የገበያውን መፈታት ብቻ ያነሣሉ።

የራሳችን ሰው እያለልን ለምን ሩቅ እንሄዳለን? በዚያው ሐዲድ መስመር፣ በድሬዳዋ ጉምሩክ የሠሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ፣ ግብሩም በቁርጥ ይታወቅ ብለው ጽፈዋል። መንግሥት ዘበኛ ብቻ ይሁን አላሉም፤ ያሻውን የሚያደርግ ጌታ ይሁንም አላሉም። በሕግ ይለካ ነው ያሉት።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ገበሬው የሚከፍለውን ግብር አስቀድሞ ይወቅ። መሬቱን የሚወስደውና ካሳውን የሚተምነው አንድ እጅ አይሁን። በሁለቱ መካከል የማይፈራ ዳኛ ይቀመጥ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊበርታሪያን ይባል ሶሻሊስት፣ ለአሰቦት ገበሬ ስሙ ምኑም አይደለም፤ እሱ የሚጠብቀው ዳኛውን ነው።