ፊርማ የሚሰበስበው ልጅ ምን ፈልጎ ነው?



አያት አካባቢ ባሉት ህብረቶቻችን ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አለ። «ልጄ የኳስ ተጫዋቾች ፊርማ ይሰበስባል። ደብተሩን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን ነው የሚያስቀምጠው። ይሄ ጣዖት አይደለም ወይ?» ይሉናል። ብዙዎች ቶሎ «ነው» የሚል መልስ ይጠብቃሉ። እኛ ግን ደብተሩን ከመቀማታችን በፊት ልጁ ምን እየፈለገ እንደሆነ ብንረዳ እንመርጣለን።

ማድነቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ቡድናችን በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ ያ ሕዝብ የጮኸው ስለ ተደሰተ ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው፣ ልክ በዚያው በጥር 13 ቀን በ2005 ዓ.ም.፣ አዳነ ግርማ በዛምቢያ ላይ ሲያገባ በየቤታችን የዘለልነውም እንደዚሁ። ያን ቀን ከአማኙ ሰፈር ዝምታ ነበር የሚል ካለ አናምነውም።

ዛሬ ግን ተጫዋቹ ርቋል። ከአያት ባቡር የተሳፈረ ልጅ ስታዲየም ፌርማታ ላይ መውረድ ይችላል፤ ብሔራዊ ቡድኑን ግን እዚያ አያገኘውም። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የአርሰናልና የማንቸስተር ተጫዋቾችማ ያው ከዲኤስቲቪ ቤት ስክሪን ላይ አይወርዱም። ስለዚህ አንድ የክለብ ተጫዋች በሆነ አጋጣሚ አጠገቡ ሲያልፍ ልጁ ደብተሩን ይዞ ቢሮጥ አይገርመንም። የሚፈልገው ቀለሙን አይደለም። ያ ሰው ለሦስት ሰከንድ ወደ እሱ ዞሮ ነበር የሚል ማስረጃ ነው የሚፈልገው።

(በነገራችን ላይ ወላጆች፣ የተፈረመበት ማሊያ በገንዘብ ለመግዛት አትቸኩሉ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ የሐሰት ፊርማ ነጋዴዎችን ሲያሳድድ ካገኛቸው መካከል በማዘር ቴሬዛ ስም የተፈረመ የቤዝቦል ኳስ ይገኝበታል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጳውሎስም በስሙ የሚላክ የሐሰት ደብዳቤ ስላሳሰበው ሰላምታውን በገዛ እጁ ይጽፍ እንደ ነበር በ2ኛ ተሰሎንቄ 3፥17 ነግሮናል።)

እኛ አገር አውቶግራፍ ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለን ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ሊያልቅ ሲል በክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ደብተር። የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው ዘፋኝ፣ ለእኔ ያለህ ምክር፤ ከዚያ ፊርማ። አብሮን የተቀመጠ ልጅ ስለ እኛ የሚያውቀውን ይጽፍልናል፤ እኛም ለእሱ እንጽፋለን። የኮከቡ ፊርማ ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ እኛ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን፣ የጫማ ቁጥሩን ሳይቀር እናውቃለን፤ እሱ ግን የጻፈለት ልጅ ማን እንደሆነ አያውቅም። ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም። ሺህ ሰው እየጠበቀው ስንቱን ይጠይቅ?

ዘኬዎስን አስቡት (ሉቃስ 19)። ቁመቱ አጭር፣ ሕዝቡ ብዙ፣ የሚያልፈው ሰው ዝነኛ። ሾላ ላይ ወጣ። የየካ ሰው ሾላን ከገበያው ስም ያውቀዋል፤ እዚህ ግን ዛፉ ነው። ሰውየው ከላይ ሆኖ አይቶ ወደ ቤቱ ቢመለስ ይበቃው ነበር። ኢየሱስ ግን ከዛፉ ሥር ቆሞ በስሙ ጠራው፤ ቤቱ እንደሚያድርም ነገረው። ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ይህን የምታነቡ፣ የእኛ እምነት ከሌላው አድናቆት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኢሳይያስ 49፥16 የሚናገረው እኛ ስለ ያዝነው የእግዚአብሔር ፊርማ አይደለም፤ እሱ በእጁ መዳፍ ላይ ስለ ቀረጸን ስለ እኛ ነው።

ታዲያ ጣዖቱ የት አለ ካላችሁ፣ እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ከልጁ ደብተር ይልቅ የቤተ ክርስቲያን በር ነው። ኮንፈረንስ ሲያልቅ የአገልጋዩን መኪና ከብቦ የሚጋፋውን ሕዝብ እናያለን። ፎቶ፣ ፊርማ፣ «አንዴ እጅዎን ይጫኑብኝ»። ደራሲ መጽሐፉ ላይ መፈረሙ ነውር የለውም። ነገር ግን ዘማሪውን ወይም ነቢዩን ለማየት ከሰሚት የመጣ ሰው አጠገቡ ሁለት ሰዓት የተቀመጠችውን እናት ስሟን ሳይጠይቅ ከሄደ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ላይ የምንፈርድበት አፍ ከየት እናመጣለን? ደግሞም አድልዎ እናደርጋለን። ካካ በ1999 ዓ.ም. የቻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ «የኢየሱስ ነኝ» የሚል ከነቴራ ለብሶ ሲያነሳ ፖስተሩን ልጆቻችን ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ደስ ብሎን ነበር። ፖስተር ያው ፖስተር ነው።

የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች፣ በሚቀጥለው እሁድ ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። አብራችሁት ግለጡት። ይሄ የማን ነው? የት አገኘኸው? ስንት ሰዓት ቆምክ? ስምህን ጠየቀህ ወይ? በሉት፤ እስኪጨርስም ስልካችሁን አትንኩ።