ቆሻሻውን አፈር ብናለብሰውስ?

ቆሼ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ አደጋ ዓለም ያየው ነበር። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ግን ድምፅ የሌለውን፣ በየክረምቱ ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደውን ነው፤ ከባድ ብረቶችን።

የሞተ ባትሪ፣ የተቃጠለ ቻርጀር፣ የተሰበረ ስልክ የት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከቤት ቆሻሻ ጋር ከጣላችሁት መጨረሻው እንደ ቆሼ ያለ ቦታ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየም ወይም ኒኬል ሊኖር ይችላል። የሙዝ ልጣጭ ይበሰብሳል፤ እርሳስ ግን መቶ ዓመት ቢቆይም ያው እርሳስ ነው። ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ጥያቄው «ባለበት እንዴት እናቆየው?» የሚል ነው።

ብረቱን በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው ውሃ ነው። ምግብ መበስበስ ሲጀምር አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ ብረቱን ያሟሟል። ዝናብ ሰርጎ ሲገባ ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ወደ ከርሰ ምድር ውሃና ወደ ወንዝ ይወርዳል። የአፈር ልባስ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ጥሩ ሸክላማ አፈር ዝናቡን ያስቀራል፣ ብናኙን ይይዛል፣ አየር ስለሚከለክል እሳትም ይቀንሳል። የሸክላው ቅንጣቶች የተወሰነውን ብረት ራሳቸው ላይ አጣብቀው ያስቀራሉ። የአሜሪካ ደንብ የዕለቱ ቆሻሻ ቢያንስ በ15 ሴንቲ ሜትር አፈር እንዲሸፈን የሚያዘው በከንቱ አይደለም።

ታዲያ አፈር ደፍተን እንገላገል? ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

አንደኛ፣ አፈር ሁሉ አንድ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሞላው ጥቁር ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይገባል። ሁለተኛ፣ ልባሱ ከላይ ነው። ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲደፋበት ከሥሩ ፍሳሽ የሚይዝ ንጣፍ አልነበረውም። ሦስተኛ፣ አፈር ክብደት አለው። ቀጥ ባለ ክምር ላይ ሳይጠና ከተጫነ ሌላ ናዳ መጋበዝ ነው።

«ማቃጠያ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ የረጲ የኃይል ማመንጫ በ2010 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን እሳት ብረትን አያጠፋም፤ አብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱም በሥርዓት መቀበር አለበት።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ሰንዳፋ ነው። ቆሼን እንዲተካ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ጎረቤት ለከብቶቹ ውሃ ከሰጋ የቱም ዲዛይን አያሳምነውም። የዕለት ልባስ ጎረቤት በዓይኑ የሚያየው፣ የሚለካው ቃል ኪዳን ነው።

ስለዚህ ከተማችሁ አዲስ ማስወገጃ እሠራለሁ ስትል ሦስት ነገር ጠይቁ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው? በየቀኑ ምን ያህል ውፍረት ይለብሳል? ከታች ያለውን ውሃ ማን ይመረምራል፣ ውጤቱስ ለሕዝብ ይገለጻል? እስከዚያው የሞተውን ባትሪ ከድንች ልጣጩ ለዩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።