ሞተሩ ዳገቱን ያወጣዎታል፤ ቁልቁለቱስ?

«ሞተር ገፍቶ ያወጣው ሰው ስፖርት ሠራሁ ይላል እንዴ?» ያለኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በሃምሳ ዓመቴ የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት መንዳት እንደጀመርኩ ሲሰማ ነበር የሳቀብኝ። ውድ አንባቢ፣ እርስዎም ተመሳሳይ ጥያቄ ሳይመጣብዎት አይቀርም።

መልሱ እንደ ብስክሌቱ ዓይነት ይለያያል። በእጅ ጋዝ እየተሰጠው ያለ እግር ሥራ የሚሄድ ከሆነ ባልደረባዬ ልክ ነው፤ እሱ መጓጓዣ እንጂ ስፖርት አይደለም። ፔዳል ሲመቱ ብቻ የሚያግዘው ግን ሌላ ነገር ነው። እግርዎ ሲያርፍ ሞተሩም ያርፋል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ ብስክሌት የሚቆጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥና ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን የሚያቆም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሶች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ብስክሌት ዳገት ላይ ይህን መጠን በቀላሉ ያሟላል። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየነዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃትዎት መካከለኛው ላይ ነዎት።

አዲስ አበባ ለጀማሪ የብስክሌት ነጂ የምትራራ ከተማ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋሉ። አየሩ ስስ ነው። ለዓመታት ወንበር ላይ የዋለ ሰው በተራ ብስክሌት ይህን ዳገት ቢሞክር አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ትንፋሹ ያጥረዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብስክሌቱ የልብስ ማስጫ ይሆናል። የእኔ የመጀመሪያው ብስክሌት ዕጣ ይኸው ነበር። ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ጀማሪን ከቤት አውጥቶ በሳምንት ሦስት ቀን የሚያስነዳ ከሆነ ሊታፈርበት አይገባም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በተራ ብስክሌት ጉልበትዎ ካላወጣዎት ቁልቁለቱም አይኖርም። ዳገቱን በራስዎ ለመውጣት ወራት ሲፈጅብዎት፣ በእነዚያ ወራት እጅዎ ፍሬን አያያዝን፣ ዓይንዎ መንገድ ማንበብን ይማራል። ሞተር ይህን ሚዛን ያፈርሰዋል። በመጀመሪያው ቀን ጫፍ ላይ ያደርስዎትና ለመውረድ ብቻዎን ይተውዎታል። እኔም በሦስተኛ ቀኔ ከባሕር ዛፉ መሐል በምትወርድ ጠባብ መንገድ ላይ ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጨምቄ ያዝኩ፤ በመሪው ላይ ተሻግሬ ወደቅሁ። የራስ መከላከያው ቆብ ተሰነጠቀ፤ የእጅ አንጓዬም ለስድስት ሳምንት በጄሶ ታሰረ። ቆቡ ባይኖር ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው በጻፈው ነበር።

የተራራ ብስክሌት ከነሞተሩና ከነባትሪው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ቁልቁለት ላይ ለማቆምም፣ ከወደቀብዎት ለማንሳትም ከተራው ይከብዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰፊና ሜዳማ ቦታ ላይ ያሳልፉ። ሲወርዱ መቀመጫውን ዝቅ ያድርጉ፤ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አግድም ይዘው ከመቀመጫው ትንሽ ይነሡ፤ ክብደትዎን ወደ ኋላ ያድርጉ። ሁለቱንም ፍሬኖች ቀስ እያሉ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይጠቀሙ። ጎማዎን ሳይሆን ራቅ አድርገው መንገዱን ይመልከቱ። ሜዳና ዳገት ላይ ደግሞ መቀመጫውን መልሰው ከፍ ያድርጉት፤ ተረከዝዎ ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግርዎ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ብዙ ጀማሪ «ጉልበቴን አመመኝ» የሚለው መቀመጫው ዝቅ ብሎበት ነው። በክረምት፣ ቀይ አፈሩ ጭቃ ሲሆን፣ ቁልቁለቱን ጨርሶ ቢተዉት እመርጣለሁ። ወርዶ መግፋት ነውር የለውም።

የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚያዘገዩ የልብ ምት በሚቆጥር ሰዓት ብቻ ድካምዎን አይለኩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ፤ ኪስዎ ውስጥም ከረሜላ ወይም ስኳር ይያዙ። ደረትዎን ከጨመደደዎት ወይም ራስዎን ካዞረዎት ወዲያው ያቁሙ፤ «ሞተሩ ያደርሰኛል» ብለው አይቀጥሉ። ከቆላ የመጡ እንግዶችም ለጥቂት ቀናት አየሩን ሳይለምዱ ዳገት ባይሞክሩ ይመረጣል።

ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የጤና ምክር ባይመስልም ነው። በእነዚያ መንገዶች ላይ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች አሉ። ጎንበስ ብለው እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጭነታቸው አንገታቸውን ስለሚይዘው ዞር ብለው ሊያዩን አይችሉም፤ ሞተሩም ድምፅ የለውም። ከሩቁ ቃጭል ይደውሉ፤ ይውረዱና ያሳልፏቸው። እርስዎ ወድቀው ቢነሡ እንኳ፣ በዚያ ሸክም ሥር የምትወድቅ እናት ወገቧን ልትሰበር ትችላለች።

ባልደረባዬን ባለፈው እሑድ ብስክሌቴን አስነዳሁት። ዳገቱን ጨርሶ፣ ላቡን እየጠረገና እያለከለከ፣ «እውነት ሞተሩ በርቷል?» ሲል ጠየቀኝ። በርቶ ነበር፤ ዝቅተኛው ላይ።